ቶነር ፀጉራችሁን አመድ ካስመሰለው ምን ልግዛ? የት ልሂድ?

ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ሚዜ ነበርኩ። ሰርጉ አሥር ቀን ሲቀረው ፀጉሬን ቤት ውስጥ ራሴ ቶነር ቀባሁት፤ ቶነር ማለት ብሊች ያነጣው ፀጉር ላይ የቀረውን ቢጫ የሚያበርድ ቀለም ነው። ብሊቹ የሳሎን ነው። ቆንጆ ወጥቶ ነበር፤ ቢጫው ብቻ ዓይን ይወጋል። እህቴ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በሰው የላከችልኝ ዌላ ከለር ቻርም ቲ18 የሚባል ቶነር ነበረኝ። አንድ እጅ ቶነር በሁለት እጅ ባለ 20 ቮልዩም ዲቨሎፐር (ቀለሙን የሚያሠራው ፈሳሽ፤ ቁጥሩ ጥንካሬው ነው) በጠበጥኩ፣ ቀባሁ፣ ሃያ ደቂቃ ብዬ ሰዓት ያዝኩ። እስከዚህ ድረስ ጨዋ ተማሪ ነበርኩ።

ልታጠብ ቧንቧውን ስከፍተው ፉጨት ብቻ። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ቀኑ የእኛ ቢሆንም ሄዷል። ጀሪካኑን ባነሳው ባዶ። ፌስታል ጭንቅላቴ ላይ እንደጠመጠምኩ ጎረቤት አንኳኩቼ፣ አንድ ባልዲ ለምኜ ስመለስ አርባ አምስት ደቂቃ አልፏል። መመሪያው ደግሞ ከ30 ደቂቃ አትለፉ ይላል። ሲደርቅ ሥሩ ቢጫ፣ መሐሉ ደህና፣ ጫፉ ግራጫ። እናቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ አየችኝና «ምነው ልጄ፣ ምድጃ ውስጥ ነው እንዴ ያደርሽው?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት የገዛሁትን፣ የሞከርኩትንና የረገጥኩትን ሳሎን ሁሉ ልንገራችሁ። ዋጋ አልጽፍም። ብሩ በ2016 ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ነገ ሱቅ ስትደርሱ ያሳፍረኛል።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር። ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥታችሁ አንድ ዘለላ ፀጉር በነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ እዩት። የመታጠቢያ ቤት አምፖል ይዋሻል። ግራጫው ወደ ሐምራዊ ይወስዳል? ወደ ሰማያዊ? ወይስ አረንጓዴ ቢጤ ነው? ይህን ሳታውቁ የምትገዙት ነገር ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቶነር ያልፈለግነውን ቀለም የሚያጠፋው በተቃራኒው ነው። ሐምራዊ ቢጫን ያጠፋል፣ ሰማያዊ ብርቱካናማን፣ አረንጓዴ ቀይን። ቢጫው አልቆ ሐምራዊው ሲተርፍ ትርፉ ነው አመድ የሚመስለው። ጫፍ ላይ የሚብሰው ደግሞ ጫፉ ብዙ ብሊች ስላየ ነው፤ እንደ ደረቅ ስፖንጅ የሰጡትን ሁሉ ይመጥጣል። ስለዚህ ያለው መንገድ ትርፉን ማጠብ ነው። አልሄድ ካለ ያጠፋነውን ቢጫ በልኩ መመለስ። ድጋሚ ብሊች የሚሏችሁን አትስሙ። ፀጉሩ ላይ የበዛው ቶነር እንጂ ያነሰው ብሊች አይደለም።

ቤት ውስጥ ከሚደረገው ልጀምር። ሐምራዊ ሻምፖ እየተጠቀማችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አስቀምጡት። የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን ፀጉሯ ግራጫ ሆኖባት እየተጨነቀች በየሁለት ቀኑ ፋኖላ ኖ የሎው በሚባለው ሐምራዊ ሻምፖ የምትታጠብ ጓደኛ አለችኝ። ያ ሻምፖ ጓንት ካላደረጋችሁ ጣት ሁሉ የሚያቀልም ነው። ከመርዙ ላይ መርዝ እየጨመረች ነበር።

ከዚያ የሠራልኝ የፎረፎር ሻምፖው ሄድ ኤንድ ሾልደርስ ነው። ሱፐርማርኬት ሁሉ አለ፣ ፋርማሲም አለ። ቀለም ለተቀባ ፀጉር ታስቦ አልተሠራም፤ ለእኛ የሚጠቅመን ይኸው ጥፋቱ ነው። ሞቅ ባለ ውሃ፣ አረፋውን አምስት ደቂቃ አቆይቼ፣ በሁለተኛው ቀን ደግሜ ታጠብኩ። ሐምራዊው ጭላንጭል ቀነሰ። ፀጉሩ ግን እንደ ገለባ ይደርቃል። ኮንዲሽነር ሳትይዙ አትጀምሩ፤ ከሦስት ጊዜ በላይም አትሂዱ። ጨርሶ ማጽጃ ተብሎ የተሠራ ሻምፖ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፤ እኔ ግን መርካቶ ሦስት ሱቅ ጠይቄ አጣሁ።

ቫይታሚን ሲ ሁለተኛዬ ነው። ፋርማሲ ሄዳችሁ ተራውን እንክብል ግዙ። ውሃ ውስጥ የሚፈላውን ብርቱካንማ አይደለም፤ እሱ የራሱ ቀለምና ጣፋጭ አለው። አሥራ ምናምን እንክብል በሙቀጫ ወቅጬ፣ ከሻምፖ ጋር ለውሼ፣ ግማሽ ሰዓት በፌስታል ሸፍኜ ተቀመጥኩ። ለውጡ ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ጭንቅላታችሁ ላይ ቁስል ካለ ይለበልባል፣ ተዉት።

እናቴ ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች። እንግዲህ ቅቤን ማን ደፍሮ ይቃወማል! አንድ ሌሊት ተቀብቼ አደርኩ። ቀለሙን ንቅንቅ አላደረገውም። ሻምፖው ያደረቀውን ግን አለሰለሰው፤ ለእሱ ምስጋና ይግባው። ከማጽጃው ሻምፖ በኋላ ተጠቀሙት፣ ትራሱ ላይ ግን ፎጣ አንጥፉ።

የተመከርኩትን ሁሉ ደግሞ አልሠራሁም። ቤኪንግ ፓውደር፣ የዕቃ ላርጎ፣ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ... ብሊች የበላው ፀጉር ይህን አይችልም። ሂና ያሉኝም ነበሩ። ሂና ያነጣነው ፀጉር ላይ ብርቱካናማ ሆኖ ይቀመጣል፤ አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይወጣም። ከዚያም በላይ አንዳንዱ ፓኬት ውስጥ የብረት ጨው ይቀላቀላል። በኋላ ብሊች ወይም ዲቨሎፐር ሲነካው ፀጉሩ ግሎ ሊቆረጥ ይችላል። እንሶስላም ለእጅና ለእግር ትቅር።

ጥቁር ሻይ ግን ለአንድ ቀን ይሆናል። ወፍራም አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ ታጥባችሁ ስትጨርሱ ከላይ አፍስሱት። ጫፉን ትንሽ ቡናማ ያደርገዋል። ቀጣዩ ሻምፖ ይወስደዋል፤ ለአንድ ፎቶ ግን ይበቃል።

ቀለም የሚያነሳ ኬሚካል፣ ለምሳሌ ከለር ኡፕስ፣ እዚህ እምብዛም አይገኝም፣ በሻንጣ ነው የሚመጣው። ብሊች የለበትም፤ የተቀባውን ቀለም ከውስጥ አፍርሶ ያወጣዋል። ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው። ዋናው ችግር ሽታው አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ደቂቃ በሚፈስ ውሃ መታጠብ አለባችሁ። በደንብ ካልታጠበ የፈረሰው ቀለም አየር ሲነካው ተመልሶ ይጠቁራል። እኔ በባልዲ ለምኜ የምታጠብ ሴት ነኝ። ለእኛ ሰፈር የሚሆን ዕቃ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ቢጫውን መመለስ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥር ላይ ነው። የቀለም ሣጥን ላይ ከነጥቡ በፊት ያለው የፀጉሩ ንጣት ነው፤ 1 ጥቁር ነው፣ 10 እጅግ ነጣ ያለ ብሎንድ። ከነጥቡ በኋላ ያለው መልኩን ይናገራል። በሎሬያልና በዌላ 1 አመዳማ ነው፣ 3 ወርቅማ። ስለዚህ 9.1 ሸሹ፣ 9.3 ፈልጉ። ነገር ግን ሽዋርዝኮፍ ኢጎራ ላይ ወርቅማው 5 ነው። ይህን ይዛችሁ ሎሬያል ማጂሬል ላይ 5 ብትሉ ቀይ ቡናማ ይዛችሁ ትገባላችሁ። 4 ደግሞ በሎሬያል መዳብ፣ በዌላ ቀይ ነው። ባለ ሱቁ «ሁሉም አንድ ነው» ቢላችሁ ፈገግ ብላችሁ ሣጥኑን አዙራችሁ አንብቡ።

በረንዳ ላይ ያያችሁት የሚጠቅመው እዚህ ነው። ግራጫው ሐምራዊ ካለው ወርቅማ ይበቃዋል። ሰማያዊ ካለው ግን ወርቅማ ብቻ ብትጨምሩ አረንጓዴ ይወጣል፤ ሰማያዊና ቢጫ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን አንደኛ ክፍል ተምረናል። ለእሱ ትንሽ መዳብ የገባበት ያስፈልጋል። አረንጓዴ የሆነውን ደግሞ ቀላ ወይም ሮዝ ያለ ነገር ነው የሚያስተካክለው።

ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ የእኔ ምርጫ ዲቨሎፐር የማይፈልግ፣ እንደ ኮንዲሽነር የሚቀባ ባለ ቀለም የፀጉር ማስክ ነው። ወርቅማ ወይም ካራሜል መልክ ያለው፣ ታጥቦ ውሃው በተጨመቀ ፀጉር ላይ፣ ግራጫው ቦታ ላይ ብቻ። ከበዛ በሁለት ሦስት እጥበት ይለቃል፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለም። በዲቨሎፐር የሚሠራውን ከመረጣችሁ ባለ 10 ቮልዩም፣ ማለትም 3 በመቶ የሆነውን ያዙ። 20 ወይም 30 አይደለም። ከጆሮ ጀርባ አንድ ዘለላ ላይ ሞክሩ፤ በየሁለት ደቂቃው እየጠረጋችሁ እዩ። ቆዳችሁ ላይም ከ48 ሰዓት በፊት ጠብታ አድርጋችሁ ጠብቁ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ይህን ዘልዬ ነበር፣ አላሳከከኝም፤ ዕድል ነው።

ሳሎን ልሂድ ለምትሉ፣ ሁለት ገብቼ አንድ ደግሞ በስልክ ጠይቄአለሁ። የሰፈሬ ፀጉር ቤት ውስጥ ገና ሳልቀመጥ «የኔ ቆንጆ፣ ጥቁር እንቀባውና እንገላገል» ተባልኩ። ጥቁር ቀለም ብሊች ባነጣው ፀጉር ላይ ሲቀባ አረንጓዴ ጭቃ ይመስላል፣ ቶሎም ይለቃል፤ ነገ ብሎንድ ልመልስ ብትሉ ደግሞ ዋጋው እጥፍ ነው። ካስክና ቢጎዲን ላይ ግን አንደኛ ናቸው፤ ፎኔን ዛሬም እዚያ ነው የምሠራው። ለቀለም ማስተካከያ ግን አልጠቁማችሁም።

የውበት ማሰልጠኛ ተቋም ደውዬ ነበር። ተማሪ ይሠራል፣ አስተማሪ ከኋላ ይቆማል፣ ክፍያው እዚህ ግባ አይባልም። ጊዜ ላላት ጥሩ ነው። እኔ ሰርግ ስላለብኝ ለመለማመጃነት ልቤ አልደፈረም።

ሁለተኛው ቦሌ መድኃኒዓለም አካባቢ ያለ ሳሎን ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ። ልጅቷ እጇን ፀጉሬ ውስጥ ከማስገባቷ በፊት ጠየቀችኝ። የትኛው ቶነር? ስንት ጊዜ ብሊች? ሪላክሰር ወይም ሂና ነክቶት ያውቃል? ከዚያ አንድ ዘለላ እርጥብ አድርጋ ሳበችው፤ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ይቀር እንደሆነ ለማየት ነው። ከኋላ ትንሽ ቆርጣ ፎይል ላይ ሞከረች። ሙሉ ሥራው ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀው፦ ወርቅማ ቀለም በባለ 10፣ ጫፉ ላይ ብቻ። ሥሩ ላይ ደግሞ ለሁለት ደቂቃ ቶነር፣ ቢጫውን ለማብረድ። መስኮት ጋር ወስዳ አሳየችኝ። ጫፉ አጃ ይመስላል፣ ሥሩ ማር።

ስለዚህ ሳሎን ስትመርጡ የመስታወቱን ብዛት ተዉት። ሳይጠይቁ የሚቀቡ ከሆነ ተነሱ። ሁለተኛ፣ አትሳቁብኝ፣ ሮቶ እንዳላቸው ጠይቁ። ጄኔሬተርም። ቶነር ጭንቅላታችሁ ላይ እያለ ውሃ ወይም መብራት ቢሄድ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚነግራችሁ የለም።

አሜሪካ ላላችሁ ነገሩ ይቀላል። ሳሊ ቢውቲ ገብታችሁ ማጽጃ ሻምፖውን፣ ወርቅማውን፣ ባለ 10ሩን ዲቨሎፐር በአንድ ቅርጫት ይዛችሁ ትወጣላችሁ። የዚያው አገር ሣጥን ላይ ፊደልም አለ፦ ኤ አመዳማ ነው፣ ኤን መካከለኛ፣ ጂ ወርቅማ። ለአገር ቤት ዘመድ ስትልኩ እባካችሁ ቶነር ብቻ አትላኩ፤ አንድ ወርቅማ ማስክ ጨምሩበት። እህቴን ተቆጥቻታለሁ።

ምንም ማድረግ ለማትፈልጉ፣ ቶነር በየእጥበቱ እየለቀቀ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይደበዝዛል። ቸኮል የሚል ጉዳይ ከሌላችሁ በተራ ሻምፖ እየታጠባችሁ ሻሽ አስሩና ጠብቁ። እኔም ሰርግ ባይኖርብኝ ይህንኑ አደርግ ነበር።

ወርቅማ ማስኩን ያገኘሁት ካሳንቺስ አካባቢ ከነበረ ትንሽ ሱቅ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቁም ተነሳ፣ ወዴት እንደሄደ አላወቅኩም። አዲስ አበባ ውስጥ በቋሚነት የሚያመጣ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ማስኩ ሊያልቅብኝ ነው።