ከደጀን ወርዶ ጎሐ ጽዮን መውጣት፦ የአባይ በረሃን በሳይክል የምታውቁት እርዱኝ

ጥያቄ፦ የጣና ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራም ገበያም የምሄደው በሳይክል ነው። ግን እንደምታውቁት ከተማችን ሜዳ ናት፤ እግሬ ዳገት አለመደም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ በቡድን ሆነን በሳይክል ወደ አዲስ አበባ እንሄዳለን። ዕቃችንን የያዘ ሚኒባስ ከኋላ ይከተለናል። ሌላው ቀን ብዙም አያስጨንቀኝም። የአባይ በረሃው ቀን ግን ከአሁኑ እንቅልፍ ነስቶኛል። ደጀን አድረን፣ ጠዋት የአባይ ድልድይ ድረስ ወርደን፣ ጎሐ ጽዮን ወጥተን እናድራለን ተብሏል።

የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ሳይክሌ ማውንቴን ነው፤ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ማርሽ አለው። የፊቱ ትንሹ 28 ጥርስ ነው፣ የኋላው ትልቁም 28። ይበቃኛል ወይስ ላስቀይር? ደግሞ ጊዜው ጾም ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ሳልበላ እችለው ይሆን? ሌላው፣ አስተባባሪያችን «ማንም ከማንም አይለይም፣ አንድ ላይ ነው የምንወጣው» ይላል። ከሁሉም ቀርፋፋዋ እኔ ነኝ። እኔን ሲጠብቁ ሰዎች በፀሐይ እንዲቃጠሉ አልፈልግም። ሚኒባስ ውስጥ መግባቱንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሳልሞክር አልፈልገውም።

መልስ፦ ፔዳል ከደጀን

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። መጀመሪያ ዳገቱን ልንገርሽ። ደጀን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ድልድዩ ጋ ስትደርሺ ከ1,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነሽ። ጎሐ ጽዮን ደግሞ ወደ 2,500 ነው። ቁልቁለቱ 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ዳገቱም እንደዚያው። ስለዚህ በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ ትወጫለሽ። በየ100 ሜትሩ ወደ 7 ሜትር ማለት ነው። ጭራሽ የማይነዳ ቀጥ ያለ ዳገት አይደለም፤ ግን ማረፊያ ሜዳ የለውም። አንዱን ኩርባ ስትጨርሺ ሌላው ይጀምራል። ላይ የሚታይሽን መንገድ ባታዪው ይሻልሻል።

ቀኑን የሚወስነው ከደጀን የምትነሱበት ሰዓት ነው። የጉልበቱ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ልክ ሲነጋ ተነሱ። እየቆማችሁ ብትወርዱም ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ድልድዩ ጋ ትደርሳላችሁ። ዳገቱን በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ብትወጪው ያለ እረፍት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከእረፍቱ ጋር አራት ሰዓት ያዢለት። ስድስት ሰዓት አካባቢ ሻይ ይዘሽ ተቀምጠሻል። «ቁርስ እንብላ፣ ቡና ይፈላ» እየተባለ ሦስት ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ ግን ታችኛውን ዳገት የምትጀምሩት ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ነው። እታች ቆላ ነው፤ ነፋስ የለም፣ ድንጋዩ ራሱ ሙቀት ይተፋል።

አሁን ወደ አስተባባሪያችሁ። አልስማማም። ሜዳ ላይ አንድ ላይ መሄድ ጥሩ ነው፤ የፊተኛው ለኋለኛው ነፋስ ይከላከልለታል። በ8 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን የሚከላከለው ነፋስ የለም። ፈጣኑን ቀስ በል ማለት እሱን ያደክመዋል፣ ቀርፋፋውን ፍጠን ማለት ደግሞ ግማሽ ላይ ያስቀረዋል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ፤ አቅማቸው የሚቀራረብ ይጣመሩ። ቀርፋፎቹ ከድልድዩ ቀድመው ይነሱ። ፈጣኖቹ ቢደርሱባቸውም መንገድ ላይ ነው፣ ማንም ቆሞ አይጠብቅም። ሚኒባሱ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ይሁን። ይሄንን ለእሱ ሳልፈራ እነግረዋለሁ፤ ከፈለግሽ መልእክቴን አሳዪው።

ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚነዱት የቱር ዳፍሪክ ሰዎችም በዚህ በኩል ያልፉ በነበረ ጊዜ እንደ እናንተው ከደጀን ወርደው ወደ ጎሐ ጽዮን ነበር የሚወጡት። እነሱም ቢሆኑ ተያይዘው አይወጡም ነበር።

መልስ፦ ካቴና ሳይክል ጥገና

ስለ ማርሹ እኔ ልመልስ። 28 በ28 ማለት ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ጎማሽ አንዴ ሲዞር ሁለት ሜትር ከምናምን ይሄዳል። እግርሽ በደቂቃ 60 ጊዜ ቢያዞር በሰዓት ሰባት ተኩል ኪሎ ሜትር አካባቢ ትሄጃለሽ። ላልለመደ ሰው በዚህ ዳገት ላይ ይሄ ከባድ ነው። ከደከመሽ በኋላ 60 ማዞሩ ይቀርና 40 ይሆናል፤ ያኔ ጉልበትሽን ነው የሚበላው።

የኋላውን ትልቁ 34 በሆነ አስቀይሪው። በዚያው 60 ዙር ስድስት ኪሎ ሜትር ከምናምን ትሄጃለሽ፣ እግርሽ ግን ይተነፍሳል። ሲቀየር ካቴናውም አብሮ ይቀየር። የድሮው ካቴና አዲሱ ጥርስ ላይ ይዘላል፣ ርዝመቱም ሊያጥር ይችላል። ማርሽ መቀየሪያሽ አጭር ክንድ ያለው ከሆነ 34ቱን አይችለውም፤ ከመግዛትሽ በፊት ለሠሪው አሳዪው። ያለ ማርሽ መሄድ ያምርብናል የሚሉ ጎረምሶች ከመጡብሽ አትስሚያቸው።

ደግሞ ሁላችሁም ስለ ዳገቱ ታወራላችሁ፣ ቁልቁለቱን ማን ያስብ! 20 ኪሎ ሜትር ፍሬን ተይዞ መውረድ ቀላል አይደለም። የቸርኬ ፍሬን ከሆነ ቸርኬው ይግላል፣ ሲብስ ካላማዳሪ ያፈነዳል። ፍሬኑን ያለማቋረጥ አትያዢ። ከኩርባ በፊት ጠበቅ አድርገሽ ቀንሺ፣ ከዚያ ልቀቂ። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ቁሙና ይቀዝቅዝ። የፍሬን ጎማዎቹ ከመነሳትሽ በፊት አዲስ ይሁኑ።

መልስ፦ ሲስተር ከደብረ ማርቆስ

የኔ እህት፣ ስለ ጾሙ ከሃይማኖት በኩል የሚነግሩሽ ንስሐ አባትሽ ናቸው። ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ መንገደኛ መሆንሽን ሲሰሙ የሚሉሽን ይሉሻል። ከጤና በኩል ግን እንደ ነርስ የምነግርሽ ግልጽ ነው፦ ምግብም ውሃም ሳይቀምሱ በቆላ ሙቀት አራትና አምስት ሰዓት ዳገት መውጣት አደጋ ነው። ምግቡን ብትተዪ እንኳ ውሃው ለድርድር አይቀርብም።

የጾም ምግብ ለዚህ ሥራ አያንስም። በሶ በስኳርና በትንሽ ጨው በጥብጠሽ በኮዳ ያዢ። ቴምር፣ ሙዝ፣ ዳቦ በማርማላታ። በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ብዪ፤ ርቦሽ ከሆነ ዘግይተሻል። ማታ ደጀን ላይ ሩዝ ወይ ፓስታ በቲማቲም ብዪ። ሽሮና ባቄላውን ቀነስ አድርጊ፣ ምክንያቱን ዳገቱ ላይ ከሚያስረዳሽ እኔ ብነግርሽ ይሻላል፤ ሆድ ይነፋል።

ከድልድዩ ስትነሺ ቢያንስ ሦስት ሊትር ይኑርሽ፤ ግማሹ አንቺ ጋ፣ ግማሹ ሚኒባሱ ላይ። ሁሉም ባዶ ውሃ አይሁን። በላብ የሚወጣው ጨው ካልተተካ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል። ኦ.አር.ኤስ. (በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) ከፋርማሲ ግዢ። ካጣሽ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በደንብ ለክተሽ አዋህጂ። ጨውን በግምት አትጨምሪ።

እግርሽን ቢያምሽ ዲክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን ውጠሽ አትቀጥዪ። ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊት ይጎዳሉ። ሰው በሙቀት መሀል ብርድ ብርድ ካለው፣ ወሬው ካልተያያዘ፣ መንገዳገድ ከጀመረ ያኔ «ትንሽ ነው የቀረን» የለም። ጥላ፣ ልብስ ማላላት፣ ውሃ ሰውነት ላይ ማፍሰስና ማራገብ፣ ከዚያ በመኪና ወደ ሕክምና።

መልስ፦ የመስመሩ ሹፌር

ልጄ፣ በዚያ መስመር ላይ ጭነት የምነዳ ሰው ነኝ። ከሹፌር ወንበር ላይ የሚታየውን ልንገርሽ።

ወደ ላይ የሚወጣ ከባድ መኪና አያስፈራሽ። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ጭሱ ነው የሚያስቸግርሽ። የሚያስፈራው የሚወርደው ነው። ተሳቢ ኩርባ ላይ ሲታጠፍ የሌላውን መስመር ይወስዳል፣ ወዶ አይደለም። ስለዚህ ዳገት ስትወጪ በጠባቡ ኩርባ ውስጠኛ በኩል ተጠግተሽ አትቁሚ። ለማረፍ ከፈለግሽ ቀጥ ያለ ቦታ ላይ፣ ከአስፋልቱ ወጥተሽ። ስትወርዱ ደግሞ መኪና አትቅደሙ። ባሕር ዳር ላይ ልጆች የመኪና ጀርባ ይዘው ሲሄዱ አያለሁ፤ እዚህ ማንም እንዳይሞክራት።

መሬቱ የሚንሸራተት ስለሆነ አስፋልቱ በየቦታው እንደ ሊጥ ተጨማዷል። ቢጠግኑትም ተመልሶ ይሄዳል። ፎቶ እያያችሁ አትውረዱ። ድልድዩን ደግሞ ፎቶ አታንሱ፤ ጥበቃ አለ፣ ከእነሱ ጋር መጨቃጨቅ ሰዓታችሁን ይበላል። ዝንጀሮዎቹን አትመግቡ። ሙዝ ካዩ ከሳይክሉ ላይ ይወስዱታል።

የመንገዱን ሰላም አስተባባሪው በዋዜማው ማታም በዚያው ጠዋትም ደጀን ላይ ይጠይቅ። ከሚወጣና ከሚወርድ ሹፌር የተሻለ የሚያውቅ የለም። ጥርጥር ካለ ማደር ነው።

መልስ፦ ከዴንቨር

እኔ ያለሁት ኮሎራዶ ነው። እዚህ በቡድን ላቭላንድ ፓስ የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ እንወጣለን፣ 3,655 ሜትር ነው። ብርዱ እንጂ ሙቀቱ አያውቀኝም፣ ስለ ሙቀቱ ሲስተር ያለችውን ስሚ። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፤ መግፋት አያሳፍርም። ሳይክል እየገፉ ዳገት መውጣት በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንቺ የምትነጂው በስድስት ነው። ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ልብሽ ሲመታ፣ ማውራት ሲያቅትሽ ወርደሽ አሥር ደቂቃ ግፊ። ሌላ ጡንቻ ስለሚሠራ የመንጃው ያርፋል። ጫማሽ ግን ለመራመድ የሚሆን ይሁን።

ጥያቄ፦ የጣና ዳር

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አስተባባሪያችን ፔዳል የጻፈውን አንብቦ ጥንድ ጥንድ መሆኑን ተቀብሏል። 12 ሰዓት መነሳቱ ላይ ግን ገና እየተከራከርን ነው፤ ቡና ወዳጆች በዝተዋል። ጋሼ፣ የኩርባውን ነገር ባይነግሩኝ ኖሮ እዚያው ጥግ ላይ ነበር የማርፈው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። እዚህ ያለን ዳገት የቤዛዊት ኮረብታ ነው፤ እሱም አጭር ነው። ልምምድ ይሆነኛል?

መልስ፦ ፔዳል ከደጀን

ይሆናል፣ ደጋግመሽ ውጪው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከባድ በማይባል ማርሽ፣ ተቀምጠሽ። በየመሀሉ ወርደሽ ቁልቁለቱን እንደ እረፍት ቁጠሪው። አንዱን ቀን ሚኒባስ ላይ የማይቀረውን ዕቃ ሁሉ፣ ውሃውንም መፍቻውንም፣ ጭነሽ ሞክሪው። ከመንገዱ በፊት ባሉት አምስት ቀናት ግን ዳገት ተዪ፣ በሜዳው ቀለል አድርገሽ ንጂ። ቡና ወዳጆቹን ደግሞ ፔርሙዝ አስይዣቸው፤ ድልድዩ ጋ ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ይጠጡታል።

መልስ፦ ካቴና ሳይክል ጥገና

አዲሱን ማርሽና ካቴና ከመንገዱ ሁለት ሳምንት በፊት አስገጥሚ። የማርሹ ሽቦም አዲስ ከሆነ ይለጠጣል፣ ማርሹ መሳት ይጀምራል፣ እንደገና መወጠር አለበት። እሱን ቤዛዊት ላይ ብታውቂው ይሻላል። ትርፍ ካላማዳሪ ሁለት፣ የካቴና መፍቻ አንድ ያዢ።