የላፕቶፕ ዲስክ ሲቀየር ክሎን ማድረግ ይሻላል ወይስ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። የምተዳደረው በሂሳብ ሥራ ነው። ላፕቶፔ 8 ዓመት ያገለገለ ሲሆን፣ ባለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው፤ ከዚህም 170 ያህሉ ተይዟል። ጠዋት ተከፍቶ ለሥራ እስኪደርስ ከ10 ደቂቃ በላይ ስለሚፈጅ ባለ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ የተባለውን አዲስ ዓይነት ዲስክ ገዝቻለሁ። የሚያሳስበኝ የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራሙ ፒችትሪና የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ የተጫኑልኝ ከዓመታት በፊት በመሆኑና የመጫኛ ሲዲዎቹም በእጄ ስለሌሉ፣ ፎርማት ከተደረገ የደንበኞቼን መዝገብ መክፈት እንዳያቅተኝ ነው። አንድ ባለሙያ ፎርማት ካልተደረገ ፍጥነቱ አይስተካከልም ብሎኛል፤ ሌላው ደግሞ ዲስኩን እንዳለ ክሎን ማድረግ፣ ማለትም ይዘቱን በሙሉ ወደ አዲሱ መገልበጥ፣ ይበቃል ይላል። የትኛውን ልከተል?

መልስ 1
እኔ የምመክርዎት ክሎን ማድረጉን ነው። ላፕቶፑን የሚያዘገየው በአብዛኛው የሚሽከረከረው ዲስክ ራሱ ነው፤ በየቦታው የተበተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ለማንበብ ጭንቅላቱ ወዲያና ወዲህ መመላለስ ስላለበት ዊንዶውስ ሲነሳ ጊዜው የሚባክነው እዚያ ላይ ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው አሮጌው ዊንዶውስ እንኳ በእጅጉ ፈጥኖ ይነሳል። ክሎንዚላ የተባለውን የክሎን ማድረጊያ ፕሮግራም ከተጠቀሙ መድረሻው ከመነሻው እንዳያንስ ስለሚፈልግ፣ የሲ ፓርቲሽንን (ዊንዶውስ ያለበትን የዲስኩን ክፍል) አስቀድመው ማሳነስ ይኖርብዎታል። ሥራው ሲያልቅ አሮጌውን ዲስክ ነቅለው በአዲሱ ብቻ ያስነሱት። መብራት ቢጠፋ እንዳይቋረጥም ባትሪው ሙሉ ይሁን።

መልስ 2
ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል የሚሆነው ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው። እኔ ከዓመታት በፊት የወንድሜን ላፕቶፕ ሳልመረምር ክሎን ማድረግ ጀምሬ ነበር፤ ሥራው መንገድ ላይ ቆመ፣ ዲስኩም ከዚያ በኋላ ሊነሳ አልቻለም፤ የልጆቹ ፎቶግራፎች በዚያው ጠፍተው ቀርተዋል። ይህ እስካሁን ስለሚጸጽተኝ፣ ማንም ሰው ከመወሰኑ በፊት ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እንዲያይ አጥብቄ እለምናለሁ። በተለይ ሲ5 የሚለውን ረድፍ ይመልከቱ፤ ዲስኩ ለማንበብ ሞክሮ ያቃተውንና ገና እልባት ያላገኘውን ሴክተር (የዲስኩ ትንሽ የመረጃ ክፍል) ብዛት የሚያሳየው እሱ ነው። ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ ክሎን ማድረጉን ለጊዜው ይተዉት።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አየሁት፤ በቢጫ ቀለም ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ በሲ5 ረድፍም መጨረሻ ላይ 18 ተጽፏል።

መልስ 2
ፕሮግራሙ ቁጥሩን የሚጽፈው በሄክሳዴሲማል (በ10 ሳይሆን በ16 በሚቆጠር የቁጥር አጻጻፍ) ስለሆነ፣ ማስተካከያውን ካልቀየሩት 18 ማለት 24 ሴክተር ነው። እንግዲያው ዊንዶውስን በኤስኤስዲው ላይ እንደ አዲስ ይጫኑ፤ ምክንያቱም ያልተነበበው ቦታ የየትኛው ፋይል እንደሆነ አይታወቅም፣ ክሎኑ በስኬት ያለቀ መስሎ የተበላሸ መዝገብ ይዞ ሊሻገር ይችላል፣ ለሂሳብ ሰው ደግሞ ከጠፋ መዝገብ ይልቅ ሳይታወቅ የተበላሸ መዝገብ የከፋ ነው።

ዛሬውኑ እያንዳንዱን የደንበኛ መዝገብ በፒችትሪ በራሱ የባካፕ ትእዛዝ ወደ ፍላሽ ያውጡ። የፒችትሪውን ቅጂ (ቨርዥን) ዓመት በወረቀት ይያዙ፤ በአዲስ ቅጂ የወጣ ባካፕ በአሮጌ ቅጂ አይከፈትም። ከዚያም ባካፑን ያንኑ ቅጂ በጫነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰው ይሞክሩት፤ ያልተሞከረ ባካፕን አይመኑ። የዊንዶውስ ፈቃድ በዲጂታል መልክ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ከሆነ ዲስክ በመቀየር አይጠፋም፤ ሲጭኑ ቁልፍ የለኝም የሚለውን መርጠው ያንኑ ዓይነት፣ ሆም ከነበረ ሆም፣ ይጫኑ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11ን የሚቀበል መሆኑንም አብረው ያረጋግጡ። አሮጌውን ዲስክ ግን ፎርማት ሳያደርጉ ያስቀምጡት።

ጠያቂው
የ6ቱንም ደንበኞች ባካፕ አውጥቼ በአንድ የሥራ ባልደረባዬ ኮምፒውተር ላይ መለስኩት። የ5ቱ የሙከራ ሚዛን በወረቀት ከያዝኩት ጋር ገጠመ፤ የአንዱ ግን ባካፑ አልከፈት ብሏል። ስለዚህ የዚያን ደንበኛ መዝገብ ባለፈው ወር ፍላሽ ላይ ካስቀመጥኩት ባካፕ መልሼ፣ የቀሩትን ሦስት ሳምንታት ከደረሰኞቹ ላይ እንደገና እያስገባሁ ነው። ኤስኤስዲውን የምቀይረው ይህን ስጨርስ ነው።