ለምርጫ ክልላችን የፓርላማ እጩዎች የሚቀርበው የጋራ ሰነድ፦ የረቂቅ ውይይት

የእድሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ የሦስቱ እድሮች ተወካዮች፣ በሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ በምርጫ ክልላችን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለሚወዳደሩ እጩዎች ሁሉ በአንድ ቃል የምናቀርበውን ሰነድ እዚሁ ተወያይተን እንድናበስለው በጋራው ስብሰባ ተወስኗል። የመጀመሪያው ረቂቅ ከየእድሩ የመጣውን ጥያቄ እንዳለ ስለያዘ እጅግ ተንዛዝቷል፤ የውሃ ፈረቃ፣ የኮብልስቶን መንገድ፣ የኑሮ ውድነት፣ የአገር ሰላም፣ የቤት ኪራይ፣ የልማት ተነሺዎች ጉዳይና የታክሲ ሰልፍ በአንድ ገጽ ተደርድረዋል። እጩው ይህን ተቀብሎ «ሁሉንም በቅደም ተከተል እንሠራለን» ቢለን መልሱን ከሌላው እጩ መልስ ጋር የምናመዛዝንበት መንገድ አይኖረንም። ስለዚህ የትኛውን ጥያቄ እንደምናስቀርና በምን አኳኋን እንደምንጽፈው ሐሳባችሁን ስጡ። እድራችን የሚደግፈው እጩም ሆነ የሚቃወመው ፓርቲ እንደሌለው ከወዲሁ ላስታውስ፤ ሰነዱ ለሁሉም እጩዎች ያለ አንዳች የቃል ልዩነት ይደርሳል።

ጡረተኛው መምህር፣ የታችኛው ሰፈር እድር፦

ረቂቁን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከጥያቄዎቹ የሚበዙት ለከተማው ምክር ቤት እጩ እንጂ ለፓርላማ እጩ የሚቀርቡ አይደሉም። አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫዎች ሲኖሯት የራሷ ምክር ቤት ደግሞ 138 አባላት ያሉት ሌላ አካል ነው፤ የሰፈር ውስጥ መንገድ፣ የቆሻሻ አነሳስና የታክሲ ስምሪት የኋለኛው ሥራ ናቸው። የፓርላማ እጩ ቆሞ «ይህን መንገድ አስፋልት አስደርጋለሁ» ሲል በጎረቤት ሌማት እንግዳ እንደመጋበዝ ነው፣ እኛም ባለማወቅ እያጨበጨብን ሸኝተናል። የፓርላማ አባል ሕግ ያወጣል፣ የፌዴራል መንግሥቱን በጀት ያጸድቃል፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረትም ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ ይጠይቃል፤ በቋሚ ኮሚቴ ተመድቦ መሥሪያ ቤቶችን ይከታተላል። ጥያቄዎቻችን ሁሉ ከእነዚህ ሥራዎች በአንዱ ላይ ማረፍ አለባቸው። የቀሩትን ለከተማው ምክር ቤት እጩዎች በሌላ ወረቀት እናዘጋጃቸው እንጂ አንጣላቸው።

ሁለተኛው ሐሳቤ ስለ ጊዜ ነው። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሥራ ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት አለው። የዓመቱ በጀት የሚጸድቀው በሰኔ መጨረሻ ሰሞን ስለሆነ፣ እጩው ቢመረጥ በዕረፍቱ ወር ወደ መራጩ ተመልሶ ከበጀቱ በፊት ሊያደምጠን ፈቃደኛ መሆኑን በጽሑፍ እንጠይቀው። ይህ ከእኛ አዳራሽና ከእሱ አንድ ከሰዓት በስተቀር ምንም ወጪ የለበትም።

ገንዘብ ያዥ፦

መምህራችን ባሉት እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ስለ ኑሮ ውድነት ምን ያስባሉ?» የሚለው ጥያቄ እንዳለ ከቀረ ሁሉም እጩ ያሳስበኛል ከማለት አያልፍም። እኔ የምመርጠው በአንድ ሕግ ላይ እንድንይዛቸው ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ ያደረገው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር፤ ይህ መነሻ ሳይነካ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። በወር 10,000 ብር ደመወዝ የሚያገኝ አባላችን በቀድሞው ሠንጠረዥ 2,045 ብር ይቆረጥበት የነበረው አሁን 1,650 ብር ሆኗል፣ ማለትም በወር 395 ብር ቀርቶለታል። ይህን የሚንቅ ካለ የእድሩን መዋጮ ከእኔ ጋር ይሰብስብ። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ዋጋው ስንት ጊዜ ተለወጠ? ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል፤ እኛም ለለቅሶ የምንገዛው ዘይት፣ ምስርና ስኳር አብሮ ወጥቷል። የግብሩ መነሻ ግን ሕግ አውጪው እስኪያስታውሰው ድረስ ባለበት ቆመ።

ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ይሁን እላለሁ፦ የደመወዝ ግብር መነሻና እርከኖቹ በየተወሰነ ዓመት ከዋጋ ንረቱ ጋር ተገናዝበው እንዲከለሱ በሕግ እንዲደነገግ ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ? የሚቃወሙ ከሆነ የሚጎድለውን ገቢ መንግሥት ከየት ሊያገኝ ይችላል ብለው ስለሚፈሩ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት? ለተቃውሞም ክብር አለኝ፤ ዝም ብሎ «ይታሰብበታል» ለሚል እጩ ግን ቦታ አንተውለት።

የላይኛው ሰፈር እድር ተወካይ፦

እትዬ ገንዘብ ያዣችን እንዳሉት ሕጉን መያዝ ይሻላል፤ እኔም የልማት ተነሺዎችን ጥያቄ በዚሁ መንገድ ላቅርበው። የእኛ እድር አባላት ከግማሽ በላይ በመልሶ ማልማት ምክንያት ወደተለያዩ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ተበትነዋል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ትልልቁ ብረት ድስት የሚቀመጥበት ክፍል በእድሩ ስም ካርታ ስላልነበረው ሲፈርስ የጠየቀንም የከፈለንም የለም፤ ዕቃው አሁን በሁለት አባላት ግቢ ላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል። ለቅሶ ሲኖር ጥሩንባ የሚሰማ ሰው በሰፈሩ ስለሌለ በስልክ እንጠራራለን፣ ድንኳን ለመትከል የሚደርሰውም ጎረምሳ ቢያንስ ሁለት ታክሲ ይይዛል።

ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት የሚለቀቅበትን፣ ካሳ የሚከፈልበትንና ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ከንብረት ካሳ በተጨማሪ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ የሚከፈል ካሳን እውቅና ሰጥቷል። ማኅበራዊ ትስስር ሲባል በእኛ ሰፈር ከእድር፣ ከማኅበርና ከዕቁብ ሌላ ምን ይኖራል? ሆኖም ካሳው ለተነሺው ግለሰብ የሚታሰብ ነው፤ ትስስሩን የተሸከመው እድር በተቋምነቱ የሚጠቀስበት ቦታ አላየሁም። ሕጉ የፌዴራል ስለሆነ ይህ ጥያቄ በትክክል የፓርላማ እጩን ይመለከታል፦ አንድ ሰፈር ሲነሳ አብረው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በተቻለ መጠን አብረው እንዲሰፍሩና የእድር ንብረት ምትክ ቦታ እንዲያገኝ በሕግ እንዲደነገግ ሐሳብ ያቀርባሉ? የኮሪደር ልማቱን ማንቋሸሽ አይደለም፤ መንገዱ አምሯል፣ ምሽት ላይ እናቶች በእግራቸው ይናፈሱበታል። ለሰነዱ የሚያስፈልገው ግን ስለተነሺው የሚሰጡት መልስ ነው።

የወጣቶች ተወካይ፦

ስለ ቤት ኪራይ አጭር ሐሳብ አለኝ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስና እንዲመዘገብ ያዛል፤ በተግባር ግን ብዙ ተከራይ ቤቱን እንዳያጣ ፈርቶ ከአከራዩ ጋር በቃል የተስማማበትን ሌላ ዋጋ ይከፍላል። እጩዎችን የአዋጁን አፈጻጸም በቋሚ ኮሚቴ በኩል እንዴት እንደሚከታተሉ እንጠይቃቸው። በእድራችን አከራይም ተከራይም ስላለ ከዚህ በላይ ባንገፋው ይሻላል።

የእድሩ ሰብሳቢ፦

የአገር ሰላምን ጥያቄ ለማስቀረት የሚያስቡ አባላት እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ እድር ከፖለቲካ ይራቅ በሚል ነው። ስጋታቸው ይገባኛል። ሆኖም በዚህ ሰፈር ከትግራይ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከወለጋ ዘመዱን ያላረዳ ቤት ጥቂት ነው፤ መርዶውን በየንጋቱ ስናደርስ የኖርነውም እኛው ነን። ስለዚህ ጥያቄው ይቅረብ፣ ማንንም በማይወቅስ ቃል ይጻፍ።

የምክር ቤት አባል በዚህ ረገድ ሁለት የሚጨበጡ ሥራዎች አሉት። የመጀመሪያው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲቀርብ በድምፁ ማጽደቅ ወይም መጣል ነው፤ አዋጁ ለመጽናትም ሆነ በየአራት ወሩ ለመራዘም የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሻል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ በጥር 2016 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ተራዝሟል። እጩው እንዲህ ያለ አዋጅ ሲቀርብለት ከመወሰኑ በፊት ምን ማስረጃ እንደሚጠይቅ ይንገረን። ሁለተኛው፣ በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተጠሪነቱ ለዚሁ ምክር ቤት ነው፤ የምክክሩ ውጤት መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ይጻፍልን።

ጡረተኛው መምህር፦

ሰብሳቢያችን ባሉት ላይ አንድ ማሟያ ልጨምር። በርከት ያሉ እጩዎች «የፓርቲዬ አቋም ነው» ብለው እንደሚመልሱ አያጠራጥርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ መሆኑን ደንግጎ ተገዢነቱን ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው አድርጎታል። ስለዚህ በሰነዱ መግቢያ ላይ የፓርቲውን አቋምና የራሱን አቋም ለይቶ እንዲጽፍ፣ ሁለቱ አንድ ከሆኑም አንድ ናቸው እንዲል እንጠይቀው።

የእድሩ ጸሐፊ፦

እስካሁን የተስማማንበትን በቃለ ጉባኤው እንዲህ እይዛለሁ። ለፓርላማ እጩዎች የሚሄደው ሰነድ አንድ ገጽ ሆኖ የመራጭ ስብሰባን፣ የደመወዝ ግብርን፣ የተነሺዎችንና የእድርን ንብረት፣ የኪራይ አዋጁን አፈጻጸምና የሰላሙን ጉዳይ ይይዛል፤ የውሃ፣ የመንገድና የትራንስፖርት ጥያቄዎች ለከተማው ምክር ቤት እጩዎች ወደሚሄደው ሁለተኛ ወረቀት ተዛውረዋል። መልሶቹ ሳይታረሙና ሳያጥሩ በእጩዎቹ ስም የፊደል ተራ በሦስቱም እድሮች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋሉ። ያልመለሰ እጩ ስሙ ከባዶ ቦታ ጋር ይለጠፍ ወይስ ጭራሽ አይጠቀስ የሚለው ግን አልተቋጨም፤ የላይኛው ሰፈር ተወካይ ባዶው ይታይ ሲሉ ሰብሳቢያችን ማሳጣት ይመስላል ብለዋል።

ገንዘብ ያዥ፦

ባዶው ይለጠፍ፤ ነገር ግን ሰነዱ የደረሰበት ቀንና የተረካቢው ፊርማ ከጎኑ ይታይ፣ ያኔ አልደረሰኝም የሚል አይኖርም፣ እኛም አሳጣችሁን አንባልም። ለፎቶ ኮፒው ከእድሩ ካዝና ሳይነካ በአባላት መዋጮ እንዲሸፈን አመቻቻለሁ፤ ሰብሳቢያችን ከተስማሙ የማድረሻ መዝገቡን ነገ እከፍታለሁ።

የእድሩ ሰብሳቢ፦

በፊርማው ከሆነ እስማማለሁ። ይከፈት።