አሉሚኒየም ኮሩ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረኝ፤ የኮሩ ልስላሴ የት ድረስ ይሂድ?

ሰላም ለሁላችሁ። በዳይካስቲንግ (የቀለጠውን በግፊት ወደ ብረት ቅርጽ በማስገባት) የማወጣው የአሉሚኒየም ዕቃ አለ። መሀሉ ላይ ያለውን ጥልቅ ቀዳዳ የሚያወጣልኝ የብረት ኮር ነው የሚያስጨንቀኝ። ብረቱ ኤች13 የሚባለው ሙቀት የሚችል የመሣሪያ ብረት ነው፣ በሙቀት የጠነከረ። ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 60፣ በየጎኑ 1 ዲግሪ ያህል ወደ ጫፉ ይቀጥናል።

ሥራው ሲጀመር ጥሩ ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ቀልጦ የሚገባው አሉሚኒየም ፊት ለፊት በሚመታው ጎን በኩል ይለጠፍበታል፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ዕቃ ሁሉ የቀዳዳው ውስጥ ተቧጭሮ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ቶርኖ ላይ እያሽከረከርኩ በብርጭቆ ወረቀት ከ320 ቁጥር ተነስቼ እስከ 800 (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይደቃል) ወሰድኩት። ለዓይን ያምራል፣ ግን ወረቀቱ ዙሪያውን የተወው ደቃቅ መስመር ዕቃው ከሚወጣበት አቅጣጫ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ በእጅ፣ በ600 ድንጋይ፣ በርዝመቱ ብቻ እየሳብኩ ያንን መስመር አጠፋሁት። ጭረቱ በግልጽ ቀነሰ፤ መጣበቁ ግን አልቀረም። ዕቃው እንዳይጣበቅ የሚረጨውን ማላቀቂያ ብጨምር ደግሞ ዕቃው ውስጥ የአየር ቀዳዳ መጣ፣ ስለዚህ መጠኑን ወደነበረበት መልሻለሁ። የኮሩን ማቀዝቀዣ መቀየር ለጊዜው አይቻልም፤ ውስጡ ውኃ የሚያሳልፍ አይደለም።

አሁን ናይትራይድ ላስደርገው (ላዩን በናይትሮጅን ላስጠነክረው) ነው። ከዚያ በፊት በአልማዝ ፓስታ እንደ መስታወት እስኪያበራ ልውሰደው፣ ወይስ ማላቀቂያው የሚይዝበት እንዲያገኝ 600 ላይ ላቁመው?