ክርክር፦ የቻይናዋ ከተማ ሼንዘን የሠራተኞቿን ሰፈር ማፍረሷ ልክ ነው?

መንገደኛው፦ ቤተሰብ፣ ከሼንዘን ገና መመለሴ ነው፤ ጭንቅላቴ አልተረጋጋም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሜትሮ ውስጥ እጄን ኪሴ መክተት አቃተኝ። ሰው በሰው ላይ ነው። ግን የሚጮህ የለም፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ላይ ስትወጡ ደግሞ ጸጥታው ያስደነግጣል። የከተማ አውቶቡሶቹ፣ 16 ሺህ ገደማ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሙሉ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄዱት። ምግብ የሚያደርሱት ልጆች በኤሌክትሪክ ሞተር ከኋላ ድምፅ ሳያሰሙ ይመጣሉ፤ ሁለቴ ለጥቂት ተረፍኩ።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ናንሻን በሚባለው ክፍለ ከተማ ባይሺዡ የተባለ ሰፈር ነበር፤ ወደ 150 ሺህ ሰው ይኖርበት ነበር። በ2019 ተከራዮቹን ማስወጣት ጀመሩ፤ አሁን በቦታው ሰማይ ጠቀስ ነው የሚገነባው። እኔ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ። ከተማ እንዲህ ነው የሚያድገው። እናንተስ?

የፒያሳ ልጅ፦ አየህ፣ ያየኸው የተሠራውን ነው። 150 ሺህ ሰው የት ገባ? እሱን ማን ያስጎበኝሃል?

መሐንዲሱ፦ ጸብ ከመጀመራችሁ በፊት ሰፈሩ እንዴት እንደመጣ ይታወቅ። «ሼንዘን የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች» የሚባለው ማሳመሪያ ነው። በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ዞን ስትሆን አካባቢው ከ300 ሺህ በላይ ሰው ነበረው። በ2020 ቆጠራ 17.5 ሚሊዮን አለፈ። ያን ሁሉ ሰው የፋብሪካ ማደሪያ አይችለውም፤ መንግሥትም ቤት አልሠራለትም። የገበሬው እርሻ ለልማት ተወሰደ፤ የመኖሪያ ይዞታው ግን ቀረለት። ገበሬውም ብልጥ ነው፤ እዚያችው ላይ ስድስት ሰባት ፎቅ ቆለለና አከራየ። ሕንፃዎቹ ከመቀራረባቸው የተነሣ በመስኮት ከጎረቤት ጋር እጅ ለእጅ ያጨባብጣሉ። ፕላን የለም፣ ፈቃድም እምብዛም። ግን ከተማውን ያሳደሩት እነሱ ናቸው።

ስልክ ሠሪው፦ ኢንጂነር ልክ ብለሃል። ሁዋቺያንግቤይ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ስክሪንና ባትሪ ልገዛ ስሄድ የማርፈው እንዲህ ዓይነት ሰፈር ነው። በቀን መብራት ካላበራህ ጫማህን አታገኝም። መተላለፊያው ላይ ከተሰጣ ልብስ ውሃ ጠብ ይልብሃል። ሽቦው ከላይ እንደ ሐረግ ተጠላልፏል። ግን እኩለ ሌሊት ላይ ትኩስ ኑድል አለ፤ ፀጉር ቆራጩ አልዘጋም፤ ሻንጣህ ቢበጠስ እታች የሚሰፋልህ አለ። ገበያው ውስጥ አንድ ሜትር በማትሞላ ባንኮኒ ኋላ ቺፕ የሚሸጠው ልጅም ከዚያ ነው የሚመጣው። እሱን ሁለት ሰዓት ርቆ እንዲኖር ካደረግከው ዕቃው ርካሽ ሆኖ ይቀጥላል ብለህ ታስባለህ?

መንገደኛው፦ ወንድሜ፣ አንተ ለሳምንት ነው የምታርፈው። ልጅ ወልደህ ፀሐይ በማይገባበት ክፍል አሳድግ ብትባል እሺ ትላለህ? እሳት ቢነሳ መኪና የማይገባበት ቅያስ እኮ ነው። ባለቤቶቹም በባዶ አልተባረሩም። ካሳና ምትክ ቤት አግኝተው ከልማቱ የናጠጡ ብዙ ናቸው።

እቴጌ፦ ባለቤቶቹ! ጨዋታው እዚያ ላይ ነው። ካሳው ለአከራይ ነው፤ እዚያ የሚኖረው ግን ተከራይ ነው። ለእሱ የደረሰው «ልቀቅ» የሚል ማስታወቂያ ነው። ባይሺዡ ላይ ወላጆች የጮኹት እኮ ስለ ቤት ብቻ አልነበረም፤ ልጆቻቸው አጠገብ ካለው ትምህርት ቤት ሊርቁ ነው ብለው ነው። ሁኮ የሚባለውን የነዋሪነት ምዝገባ የያዘው ደግሞ ከከተማው ሕዝብ ሲሶ ገደማ ነው። የቀረው ልጁን መንግሥት ትምህርት ቤት ለማስገባት ነጥብ ይቆጠርለታል፤ የቤት ኪራይ ውልም ለነጥብ ይጠቅማል። ቤቱ ሲፈርስ ነጥቡም አብሮ ይናጋል።

በነገራችን ላይ ሜትሮው መስመር 11 ላይ ቢዝነስ ክላስ ፉርጎ አለ፤ ሦስት እጥፍ ከፍለህ ተንደላቅቀህ ትሄዳለህ። ኮሚኒስት አገር ነው ሲሉኝ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ 😂 የእኛን ቀላል ባቡር እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀምር እንዲያስኬዱ ኮንትራት ከወሰዱት አንዱ እኮ የሼንዘን ሜትሮ ድርጅት ነው። ደግነቱ ቢዝነስ ክላስ አላመጡብንም። «ልማት ተነሺ» ሲባል ግን እኛም እናውቀዋለን። ካርታ ያለው ይደራደራል፤ ደባል የሚኖረው ዕቃውን ያስራል።

መሐንዲሱ፦ ሌላ መንገድም ሞክረዋል። ፉትየን በሚባለው ክፍለ ከተማ ሹይዌይ የተባለ እንዲሁ ዓይነት መንደር አለ። 29 ሕንፃ ሳያፈርሱ አድሰው 504 የኪራይ ክፍል አወጡበት። አሳንሰር ገባ፤ ሕንፃዎቹን በድልድይ አገናኟቸው። ቅያሱ አልጠፋም፤ ሱቆቹም ከታች አሉ። ለእኔ ከቡልዶዘር ይሻላል።

እቴጌ፦ ለማን ነው የሚሻለው? የታደሰው ክፍል ለወጣት ባለሙያ የተዘጋጀ ነው፤ ለጽዳት ሠራተኛዋ አይደለም። በ2018 ፎክስኮን የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ትልልቅ የሪል እስቴት ኩባንያዎች የምንኖርበትን መንደር ይዘው ካደሱት ኪራይ ይሰቀልብናል ብለው ግልጽ ደብዳቤ አውጥተው ነበር። ቀለም የተቀባ ማፈናቀል በሉት።

መንገደኛው፦ እሺ እቴጌ፣ ታዲያ ምን ይደረግ? አታፍርሱ፣ አታድሱ፣ ሽቦው እንደተጠላለፈ ይቀመጥ? እኔ አሁንም ይፍረስ ነው የምለው።

ስልክ ሠሪው፦ ይፍረስ እንበል። ከሚሠራው አዲስ ፎቅ ውስጥ ስንቱ ክፍል ነው በድሮው ዋጋ ለተከራይ የሚመለሰው? እሱ በውል ይጻፍ፤ እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ትምህርት ቤት አጠገብ። ያኔ እኔም ካንተ ጋር ነኝ።

መንገደኛው፦ በዚያ ዋጋ የሚገነባ ኩባንያ አታገኝም።

እቴጌ፦ እና መንግሥት ምን ይሠራል? መሬቱ የማን ሆነና? በ2004 እኮ የሼንዘን የገጠር መሬት በሙሉ የመንግሥት ነው ተብሎ ታውጇል። መሬት ሲወስድ አለ፣ ኪራይ ሲወደድ የለም?