ተንሳፋፊ ሳጥን ኦፕንፎም ላይ ይሰምጥብኛል፣ ሞገዱም ሳይደርስበት ይሞታል፣ እርዱኝ

የጣናዋ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ማስተርስ ቲሲስ ላይ ነኝ፣ ጣና ዳር ለጀልባ ማቆሚያ የሚሆን ተንሳፋፊ ፖንቱን ሞገድ ሲመታው ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ማየት ነው ሥራዬ። የምጠቀመው ኦፕንፎም (የፈሳሽ እንቅስቃሴን በኮምፒውተር የሚያሰላ ሶፍትዌር) ነው፣ ውሃና አየርን አብሮ የሚያሰላው ኢንተርፎም የሳጥኑን እንቅስቃሴ ከሚያሰላው ሲክስ ዶፍ ጋር። ትክክለኛው ፖንቱን 4 ሜትር ነው፣ ከላብ ፍሉም (የሞገድ መሞከሪያ ገንዳ) ጋር ስለማወዳድረው ግን በ1 ለ 5 ሞዴል ነው የያዝኩት፦ ሳጥኑ 0.8 ሜትር ርዝመት፣ 0.5 ስፋት፣ 0.3 ከፍታ፣ ክብደቱ 60 ኪሎ። ውሃው 1 ሜትር ጥልቀት፣ ሞገዱ 0.1 ሜትር ከፍታ፣ ፔሬዱ 1.5 ሰከንድ። ላፕቶፔ 3ዲ ስለማይችል በ2ዲ ነው የማስኬደው፣ የስላይሱ (የማሰላው ቀጭን ቁራጭ) ውፍረት 0.1 ሜትር፣ ሜሹ (ቦታው የሚከፋፈልባቸው ትናንሽ ሴሎች) ሁሉም ቦታ 5 ሳንቲም።

ችግሩ፣ ሳጥኑ ገና ከመጀመሩ ቀጥ ብሎ ወደታች ይወርዳል፣ ታች ሲደርስ ሜሹ ይጨፈለቅና ሶልቨሩ (የሚያሰላው ፕሮግራም) ይቆማል። ሳጥኑን አውጥቼ ባዶ ታንክ ሳስኬድ ደግሞ መግቢያው ላይ 10 ሳንቲም የነበረው ሞገድ መሀል ሲደርስ 6 አካባቢ ይቀራል። መጨረሻው ግድግዳ ላይ ሻሎው ዋተር አብዞርፕሽን (ሞገዱን እንዲውጥ የሚያደርግ ቅንብር) አድርጌያለሁ ግን ሞገዱ እየተመለሰ ይመስለኛል፣ ቦታ በቀየርኩ ቁጥር ከፍታው ከፍ ዝቅ ይላል። የትኛውን መጀመሪያ ልያዝ?

ሲቪል_ነኝ፦

ሳጥኑን ያዢ መጀመሪያ። ስላይስሽ 0.1 ሜትር ነው አይደል? እንግዲህ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ቢገባ እንኳን የሚገፋው 0.8 × 0.3 × 0.1 ነው፣ 24 ሊትር ማለት ነው። 24 ሊትር ውሃ 60 ኪሎ አይሸከምም፣ ሶልቨሩ ትክክል ነው የሠራው። 60 ኪሎው የ0.5 ሜትሩ ሙሉ ሳጥን ክብደት ስለሆነ ለስላይሱ አምስተኛውን፣ 12 ኪሎ አስገቢ። ያኔ 15 ሳንቲም ይሰምጥና ግማሹ ላይ ይቆማል። ኢነርሺያውንም (ሳጥኑ ለመዞር ያለውን እምቢታ) እንደዛው አስተካክዪ፣ ክብደቱ እኩል የተሰራጨ ከሆነ 12 ÷ 12 × (0.64 + 0.09) ስለሆነ 0.73 ኪሎግራም ሜትር ካሬ ይመጣል። የሳጥኑ ታች 0.85 ላይ፣ ውሃው 1.0 ላይ ይሁን፣ ሲጀምር ሚዛኑ ላይ እንዲሆን።

አባ_ሜሽ፦

እኔ ወደ ሞገዱ ልምጣ። 5 ሳንቲም ሴል ለ10 ሳንቲም ሞገድ ማለት በከፍታው ውስጥ ሁለት ሴል ብቻ አለሽ ማለት ነው፣ ስድስት ሳንቲም መቅረቱም ይገርማል። የተለመደው በሞገድ ከፍታ ከ10 እስከ 20 ሴል፣ በሞገድ ርዝመት ደግሞ 100 ገደማ ነው። የአንቺ ሞገድ ርዝመት በጥልቅ ውሃ ቀመር 1.56 × 1.5 × 1.5 ቢሆን 3.5 ሜትር ይሆን ነበር፣ 1 ሜትር ጥልቀት ስለሆነ ግን ወደ 3.35 ይወርዳል። ስለዚህ ወደ ላይ 1 ሳንቲም፣ ወደ ጎን 3 ሳንቲም ይበቃል፣ ሳጥኑ አጠገብ ብቻ በሁለቱም 1 ሳንቲም። ይሄን ግን ሁሉም ቦታ አታድርጊው፣ ከውሃው ፊት በላይና በታች 10 ሳንቲም ያህል ቀበቶ አድርጊና ከዚያ ውጪ ሴሉን እያሰፋሽ ሂጂ፣ ላፕቶፕሽ ይችለዋል።

ሌላው ታይም ስኪም (ጊዜን ደረጃ በደረጃ የማስላት ዘዴ) ነው። ኦይለር የሚባለው ዘዴ ላይ ካለሽ ሞገድ ይበላል፣ ሜሽ ብታጠቢም ይበላል። ክራንክ ኒኮልሰን የሚባለውን 0.9 አድርጊው፣ ግን አልፋ ሰብሳይክል (የውሃው ፊት በአንድ ታይም ስቴፕ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚሰላ) 1 ካላደረግሽ አይሄድልሽም፣ ከሱ ጋር አልደግፍም ብሎ ኤረር ያወጣል። ኮራንት ቁጥሩን (በአንድ ታይም ስቴፕ ፈሳሹ ስንት ሴል እንደሚያልፍ) 0.25 አካባቢ ያዢ። ሰው ሁሉ ሜሽ ላይ ይፈጋና ኮራንትን 1 ላይ ትቶት ሞገዴ ሞተ ይላል።

ፈሳሽ_ነገር፦

ስለ ግድግዳው። ሻሎው ዋተር አብዞርፕሽን ስሙ እንደሚለው ለጥልቀት የለሽ ውሃ ነው፣ የውሃው ፍጥነት ከላይ እስከ ታች እኩል ነው ብሎ ነው የሚነሳው። የአንቺ ሞገድ ግን እንደዛ አይደለም፣ ታች ያለው ፍጥነት ላይ ካለው 30 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ግድግዳው በተሳሳተ መልክ ይገፋና የተወሰነውን ይመልሰዋል። ሁለት አማራጭ አለሽ፣ ዋቭስ ቱ ፎም የሚባለውን የኦፕንፎም ተጨማሪ ጭነሽ ሪላክሴሽን ዞን (ሞገዱን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ ቀጠና) መጠቀም፣ ወይ ደግሞ ምንም ሳትጭኚ ከሳጥኑ ኋላ ታንኩን ሁለት የሞገድ ርዝመት፣ ወደ 7 ሜትር ጨምረሽ ሴሎቹን ከ3 ሳንቲም ጀምረሽ ቀስ እያልሽ እስከ 40 እና 50 ሳንቲም መለጠጥ። ሰፊ ሴል ሞገድ ይበላል፣ እዛ ጋ እንዲበላልሽ ነው የምትፈልጊው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው፣ ብዙ ሴል አይጨምርም፣ አብዞርፕሽኑም እዛው ይቆይ አይጎዳም።

በነገራችን ላይ ሞገድሽ ለስላሳ ነው፣ ከፍታው ከርዝመቱ 3 በመቶ ነው። የምትፈልጊው የውዝዋዜው መጠን ብቻ ከሆነ ሲኤፍዲ (እንዲህ ያለ ሙሉ የፈሳሽ ስሌት) ለምን አስፈለገ? ካፒቴን ወይ ኒሞህ በሚባሉት ፕሮግራሞች በፖቴንሻል ፍሎው (የውሃውን ሰበቃና አዙሪት በሚተው ቀለል ያለ ስሌት) በደቂቃዎች ታገኚዋለሽ።

ሲቪል_ነኝ፦

ፈሳሽ_ነገር ልክ ነው ግን ፒች (ሳጥኑ ወደፊትና ወደኋላ ማዘንበሉ) ላይ ትጠንቀቅ፣ ጠርዛማ ሳጥን ጠርዙ ላይ አዙሪት ይፈጥራል፣ ፖቴንሻል ፍሎው እሱን ስለማያይ ሬዞናንስ አካባቢ ውዝዋዜውን አጋኖ ነው የሚሰጠው። ሁለቱንም ሠርታ ብታወዳድር ቲሲሱ ይወፍራል እንጂ አይጎዳም።

የጣናዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ባዶ ታንኩ አሁን ከ9.5 በላይ ይዞ ይደርሳል። ሳጥኑም አልሰመጠም፣ ግን አሁን ደግሞ ሌላ መጣ፦ ትንሽ ይንሳፈፍና በየታይም ስቴፑ ወደላይ ወደታች ይንቀጠቀጣል፣ ፕሬሸሩ ያብዳል፣ ታይም ስቴፑ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ይቆማል። አክስለሬሽን ሪላክሴሽን (ከአዲሱ አክስለሬሽን ምን ያህሉ እንደሚወሰድ) 0.7፣ አውተር ኮሬክተር (በአንድ ታይም ስቴፕ ስሌቱ ስንት ጊዜ እንደሚደገም) 1 ነው።

አባ_ሜሽ፦

ይሄ አዴድ ማስ ነው፣ ሁሉም ሰው አንድ ቀን ያገኘዋል። ሳጥኑ ሲንቀሳቀስ አጠገቡ ያለውን ውሃ ይዞ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ለእንዲህ ያለ ሰፊና ቀላል ሳጥን ደግሞ ወደላይ ወደታች ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ውሃ በስላይስሽ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይሆናል። ሳጥኑ ራሱ 12 ኪሎ ነው! ሶልቨሩ ግን መጀመሪያ ኃይሉን ያሰላል፣ ከዚያ ለ12 ኪሎው ብቻ አክስለሬሽን ያወጣል፣ በዛ አክስለሬሽን ውሃው በእጥፍ ይመልስለታል፣ ቀጣዩ ዙር በሌላ አቅጣጫ ይገፋል፣ እያደገ ይሄዳል።

ስሌቱ ቀላል ነው፣ የውሃውን ክብደት ለሳጥኑ ክብደት አካፍዪ፣ 2 በይው። ሪላክሴሽኑ ከ 2 ÷ (1 + 2) ማነስ አለበት፣ 0.67 ማለት ነው፣ አንቺ 0.7 ላይ ነሽ። ቶሎ የሚረጋው 1 ÷ (1 + 2) አካባቢ ነው፣ 0.3 ወይ 0.35 አድርጊው። ግን ይሄ የሚሠራው በአንድ ታይም ስቴፕ ውስጥ ደጋግሞ ሲሰላ ነው፣ ስለዚህ አውተር ኮሬክተር ቢያንስ 4 አድርጊ፣ ሙቭ ሜሽ አውተር ኮሬክተርስ የሚለውንም የስ በዪው፣ አለበለዚያ ሜሹ አንዴ ብቻ ተንቀሳቅሶ ይቀመጣል። ጊዜ ይፈጃል፣ መድኃኒቱ ግን ይሄ ነው። አክስለሬሽን ዳምፒንግን አትንኪ፣ 1 ላይ ይቆይ። እሱን ቀንሶ ተረጋጋልኝ የሚል ሰው ብዙ ነው፣ የተረጋጋው እንቅስቃሴውን ስለቆረጠው ነው፣ የምትለኪው ደግሞ እንቅስቃሴውን ነው።

ኢነር ዲስታንስ (ሜሹ ከሳጥኑ ጋር አብሮ የሚሄድበት ርቀት) 0.05፣ አውተሩ (ከሱ ውጪ ሜሹ የማይንቀሳቀስበት) ደግሞ 0.7 አካባቢ። ከሳጥኑ ታች እስከ ታንኩ ወለል 0.85 ስለሆነ ከሱ አትለፊ።

ፈሳሽ_ነገር፦

ሞገድ ከማስገባትሽ በፊት ፍሪ ዲኬይ ሥሪ። ሳጥኑን 3 ሳንቲም ወደታች አድርገሽ ጸጥ ባለ ውሃ ልቀቂው፣ ፔሬዱን ለኪ። ያለ ውሃው ክብደት ቢሰላ 0.78 ሰከንድ ነው የሚመጣው፣ ከውሃው ጋር ግን 1.3 አካባቢ መምጣት አለበት። 0.8 ካየሽ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

የጣናዋ፦

ሠራ!! መንቀጥቀጡ ጠፋ፣ ዲኬዩ 1.35 አካባቢ መጣ። ግን ሞገድ ሳስገባ ሳጥኑ ቀስ እያለ ወደ መጨረሻው ግድግዳ እየሄደ ነው፣ ሜሹም ይለጠጣል። እና ደግሞ መብራት እየጠፋ ሥራዬ ይቋረጣል፣ ስቀጥለው ሳጥኑ ፍጥነቱን ረስቶ ይጀምራል።

ሲቪል_ነኝ፦

መሄዱ ትክክል ነው፣ ሞገድ ይገፋዋል፣ ያላሰርሽው ነገር አይቆምም። ሪስትሬይንት (ማሰሪያ) ውስጥ ሊኒየር ስፕሪንግ ጨምሪበት፣ ግን ልል ይሁን፣ በሜትር 5 ኒውተን ብታደርጊ ወደ ጎን የሚወዛወዝበት ፔሬድ 10 ሰከንድ አልፎ ይሄዳል፣ 1.5 ሰከንዱን ሞገድ አይረብሽም። ትክክለኛውን የገመድ እስራት ስታውቂ ትቀይሪዋለሽ።

እና 1.35ን ልብ በዪ፣ ሞገድሽ 1.5 ነው። በትክክለኛው ልክ በስኩዌር ሩት 5 ሲባዛ 3 ሰከንድና 3.35 ሰከንድ ነው፣ ፖንቱኑ ሬዞናንስ ደጃፍ ላይ ነው ያለው። አማካሪሽ የሚጠይቅሽ ይሄንን ነው፣ በ1.2፣ በ1.35 እና በ1.8 ሰከንድ ሞገድም አስኪጂው።

አባ_ሜሽ፦

ለመብራቱ፣ በየ0.5 ሰከንዱ እንዲጽፍ አድርጊ፣ ፐርጅ ራይትን (የመጨረሻዎቹ ስንት ፎልደሮች እንደሚቀሩ) 3 በዪው ዲስክ እንዳይሞላ፣ ስታርት ፍሮም ሌተስት ታይም ይሁን። ፍጥነቱን የረሳው ታይም ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ዩኒፎርም የሚባለውን ፎልደር ሳታመጪ ፊልዶቹን ብቻ ኮፒ ስላደረግሽ ሳይሆን አይቀርም፣ የሳጥኑ ቦታና ፍጥነት የሚቀመጠው እዛ ነው። መብራቱ ሲጽፍ መሀል ላይ ከጠፋ ደግሞ የመጨረሻው ፎልደር ጎዶሎ ይሆናል፣ እሱን አጥፊና ከሱ በፊት ካለው ቀጥዪ።

የጣናዋ፦

ልክ ነህ፣ ዩኒፎርሙን አላመጣሁትም ነበር። ስፕሪንጉን አስገብቼ ማታ ለቅቄዋለሁ፣ የ1.2ቱ ሲያልቅ ግራፉን እዚሁ እለጥፋለሁ።