ኪለር ሱዶኩ፦ አንድም ቁጥር ካልተሰጠ ከየት ይጀመራል?

ባዶ_ሳጥን

ሰላም ለሁላችሁ። የተለመደውን 9 በ9 ሱዶኩ ከባድ እስከሚባለው ደረጃ ድረስ ሳልገምት እፈታለሁ። ኪለር ላይ ግን ገና ከመነሻው እቆማለሁ። ሰሌዳው ላይ አንድም ቁጥር የለም፤ ያለው ኬጅ የሚባሉ በነጠብጣብ መስመር የታጠሩ የቤቶች ስብስቦችና ጥጋቸው ላይ የተጻፈው የውስጣቸው ቁጥሮች ድምር ብቻ ነው። በየቤቱ ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች በእርሳስ ስሞላ ሰሌዳው ይጠቁርና ምንም አይታየኝም። ምንም ቁጥር ሳይሰጥ መልሱ አንድ ብቻ ሊሆን እንዴት ይችላል? የመጀመሪያውን ቁጥር ለማግኘትስ ከየት ልነሳ?

ድምር_45

ወዳጄ፣ መጀመሪያ እርሳሱን አስቀምጥ። ኪለር የሚጀመረው በመደመርና በመቀነስ ነው፤ እጩ ቁጥር መጻፍ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከ1 እስከ 9 ያሉት ሲደመሩ 45 ይሆናሉ። ስለዚህ ከ1 እስከ 9 አንድ አንድ ጊዜ የሚገቡበት እያንዳንዱ ረድፍ፣ ዓምድና 3 በ3 ሳጥን ድምሩ 45 ነው። ከአንድ ሳጥን ብዙም የማይወጡ ኬጆችን ፈልግ። ምሳሌ ልስጥህ፣ ወረቀት ላይ ሣለው። «ረ» ረድፍ፣ «ዓ» ዓምድ ይሁን። በላይኛው ግራ ሳጥን ውስጥ፦

ረ1ዓ1 እና ረ2ዓ1 ድምራቸው 17
ረ1ዓ2፣ ረ1ዓ3 እና ረ2ዓ2 ድምራቸው 6
ረ3ዓ1 እና ረ3ዓ2 ድምራቸው 11
ረ2ዓ3፣ ረ3ዓ3 እና ረ3ዓ4 ድምራቸው 20

የመጨረሻው ኬጅ አንድ ቤት ወደ ጎረቤት ሳጥን አሻግሯል። አራቱን ደምር፦ 54። የሳጥኑ ድርሻ 45 ስለሆነ ትርፉ 9 ያች ከሳጥኑ የወጣችው ቤት ናት። ረ3ዓ4 = 9፤ የመጀመሪያ ቁጥርህ ተገኘ።

እዚህ አትቁም። በሁለት ቤት 17 የሚሆነው 8ና 9 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከ1ኛው ዓምድ ሌሎች ቤቶች 8ንም 9ንም ሰርዝ። በሦስት ቤት 6 የሚሆነው 1፣ 2፣ 3 ብቻ ነው። ለቀሩት አራት የሳጥኑ ቤቶች የሚተርፉት 4፣ 5፣ 6 እና 7 ናቸው። ከእነሱ ሦስቱ 3ኛው ረድፍ ላይ ያርፋሉ፤ አራተኛው ረ2ዓ3 ላይ ነው። እንግዲህ በ3ኛው ረድፍ ከዓ5 እስከ ዓ9 ባሉት አምስት ቤቶች 1፣ 2፣ 3፣ 8 እና ረ2ዓ3 ላይ ያለው ያው ቁጥር ይገባሉ። ይህ ሁሉ የተገኘው አንድም ቤት በእጩ ሳይሞላ ነው።

አንድ አማራጭ ብቻ ያላቸውን ድምሮች በቃልህ ያዝ። በሁለት ቤት 3፣ 4፣ 16፣ 17፤ በሦስት ቤት 6፣ 7፣ 23፣ 24፤ በአራት ቤት 10፣ 11፣ 29፣ 30። በሁለት ቤት 4 ሲባል 1ና 3 ነው እንጂ 2ና 2 አይሆንም፤ በአንድ ኬጅ ውስጥ ቁጥር አይደገምም። ከዚያ ቀጥሎ የሚጠቅሙት ሁለት አማራጭ ኖሯቸው የማይለወጥ ቁጥር ያላቸው ናቸው። በአራት ቤት 12 ወይ 1፣ 2፣ 3፣ 6 ነው፣ ወይ 1፣ 2፣ 4፣ 5። በሁለቱም መንገድ 1ና 2 አሉ። በአራት ቤት 28 ሲሆን ደግሞ 8ና 9 አይቀሩም። በሦስት ቤት 8 ከሆነ 1 የግድ አለ።

ባዶ_ሳጥን

ምሳሌውን ሣልኩት፣ ገባኝ። አመሰግናለሁ። ግን አሁን በያዝኩት ሰሌዳ ከሳጥኑ የሚወጡት ቤቶች ሁለት ናቸው፤ ትርፉ ደግሞ 16። 7ና 9 ብዬ ልጻፍ?

ድምር_45

አትቸኩል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ኬጅ ውስጥ ካልሆኑ፣ በረድፍም በዓምድም በሳጥንም ካልተገናኙ 8ና 8 ሊሆኑ ይችላሉ። በአንዱ እንኳ ከተገናኙ ግን 7ና 9 ብለህ ጻፍ። እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ወዲያው አይታይም፤ ሰሌዳው ሊያልቅ ሲል አንድ ዓምድ ላይ ሁለት 7 ይመጣና የት እንደተበላሸ ማግኘት ያስቸግራል።

አንድ ሳጥን ካልሰጠህ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሳጥኖችን በ90፣ ሦስቱን በ135 ሞክር። ሁለት ሙሉ ረድፍ ወይም ሁለት ሙሉ ዓምድም 90 ነው፤ ፈቺዎች ሳጥን ሳጥኑን ሲያዩ ይህን ይረሱታል።

ነጥብና_መስመር

ስለ መጀመሪያው ጥያቄህ ልጨምር። በተለመደው ሱዶኩ መልሱ አንድ እንዲሆን ቢያንስ 17 ቁጥር መሰጠት አለበት። በ2012 በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን የጋሪ ማክጓየር ቡድን 16 ቁጥር ይዞ አንድ መልስ ብቻ ያለው ሰሌዳ እንደሌለ በኮምፒውተር አረጋግጧል። ይህ ወሰን ግን የሚሠራው ሌላ ሕግ በሌለበት ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ሕግ ራሱ መረጃ ነው። በ2020 ዩቲዩብ ላይ እጅግ የታየው የሚቸል ሊ ሰሌዳ የተሰጠው 1ና 2 ብቻ ነበር፤ የቀረውን የሠሩት ሦስት ሕጎች ናቸው፦ በቼዝ ፈረስ እርምጃ የሚደራረሱ ቤቶች፣ በንጉሥ እርምጃ የሚደራረሱም፣ ተመሳሳይ ቁጥር አይይዙም፤ ጎን ለጎን ወይም ላይና ታች የሚነካኩ ቤቶችም ተከታታይ ቁጥር አይይዙም።

ኪለር ሲለምድህ ሰሌዳው ላይ መስመር ወደሚሣልባቸው የሱዶኩ ዓይነቶች እለፍ። ለእኔ ውበቱ ያለው እዚያ ነው። ቴርሞ ላይ፣ ማለትም በቴርሞሜትር ቅርጽ በተሣለ መስመር ላይ፣ ቁጥሩ ከአምፖሉ ጀምሮ ወደ ጫፍ እየጨመረ ይሄዳል። አምስት ቤት ያለው ቴርሞ አምፖሉ ከ5 አይበልጥም፣ ጫፉ ከ5 አያንስም፤ መካከለኛው ከ3 እስከ 7 ነው። ጀርመን ዊስፐር በሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአረንጓዴ መስመር በሚሣለው፣ ተከታትለው ያሉ ሁለት ቤቶች ልዩነታቸው 5 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ 5 መስመሩ ላይ አይገባም፤ ትንሽና ትልቅ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። 4 ጎረቤቱ 9 ብቻ፣ 6 ጎረቤቱ 1 ብቻ ነው። ከዚህ የሚወጣውን ተመልከት፦ መስመሩ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሦስት ቤት ካለፈ መካከለኛው 4 ሊሆን አይችልም፤ በሁለቱም ጎኑ 9 ይፈልጋልና። 6ም እንደዚሁ።

በሁለት ጎረቤት ቤቶች መካከል የሚቀመጡት የክሮፕኪ ነጥቦች ላይ ጥቁሩ አንዱ የሌላው እጥፍ ነው፣ ነጩ ተከታታይ ናቸው ማለት ነው። 5፣ 7 እና 9 ጥቁር ነጥብ አጠገብ አይቆሙም። መመሪያውን ግን እስከ መጨረሻው አንብብ፦ «ነጥቦቹ ሁሉ ተሰጥተዋል» ከተባለ ነጥብ የሌለበት ቦታ ራሱ ክልከላ ነው፤ ካልተባለ ግን ነጥብ አለመኖሩ ምንም አይነግርህም።

እርሳስና_ላጲስ

ከኪለር ጋር የሚምታታው ኬንኬን ነው። ጃፓናዊው የሒሳብ መምህር ቴትሱያ ሚያሞቶ በ2004 የፈጠረው ሲሆን ሳጥን የለውም፣ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል አለው። ዋናው ልዩነት እዚያ ኬጅ ውስጥ ቁጥር መደገም መቻሉ ነው፤ በአንድ ረድፍ ወይም ዓምድ እስካልሆነ ድረስ። እንደ «ኤል» የታጠፈ የሦስት ቤት ኬጅ ድምሩ 4 ሊሆን ይችላል፦ መታጠፊያው ላይ 2፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ 1ና 1። ኪለር ላይ የሦስት ቤት ትንሹ ድምር 6 ነው። የኪለሩን ዝርዝር ይዘህ ኬንኬን ላይ ከሠራህ ትክክለኛውን መልስ ራስህ ትሰርዘዋለህ። ካኩሮ በሚባለው፣ እንደ መስቀለኛ ቃላት በተሠራው የድምር ጨዋታ ላይ ግን ያው ዝርዝር እንዳለ ይሠራል።

ለእርሳሱ ጉዳይ ደግሞ፦ ለኬጁ የሚሆኑትን ስብስቦች አንድ ጊዜ ከሰሌዳው ውጪ ህዳግ ላይ ጻፍ፤ ለምሳሌ «12 = 1236 ወይም 1245» ብለህ። አንዱ ስብስብ ሲወድቅ አንድ ሰረዝ ይበቃሃል። ቤቱ ውስጥ የምትጽፈው እጩዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሲቀሩ ብቻ ይሁን።